የምስጢር ቍጥር ማኅተም ነው

ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ አንድ ጠቃሚ ነገር ባወጣ ጊዜ፥ በዚያው ነገር ሌላውን የሚጐዳ ተንኰለኛ ሳይውል ሳያድር ተከትሎ መነሣቱ የታወቀ ነው። ሚዛን በተሠራ ጊዜ ሚዛን የሚያዛባ ነጋዴ ተነሣ፤ ገንዘብ በታተመ ጊዜ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚያትም ተነሣ፤ ማኅተም በተቀረጸ ጊዜም የሌላውን ማኅተም አስመስሎ የሚቀርጽ አልታጣም። ይሁን እንጂ ሐሰተኛ ሚዛን አለ ብሎ ገበያ መውጣትን የተወ፥ ሐሰተኛ ማኅተም አለ ብሎም ደብዳቤ መጻፍን ያቆመ ሕዝብ የለም። ሕዝቦች ያደረጉት ነገር ቢኖር እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለዩበትን ልማድ ማበጀትና ይህንኑም ልማድ ለልጆቻቸው ማስተማር ነው።

በአገራችንም በዚህ ዘመን ገንዘብ ከኪስና ከሣጥን ወጥቶ ወደ ስልክ ገብቷል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን አገልግሎት በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ፥ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የደንበኞቹ ቍጥር ከ50 ሚሊዮን በላይ መድረሱን ራሱ ድርጅቱ ገልጧል። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤም ፔሳን ጀምሯል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ሌሎቹም ባንኮች የየራሳቸው የሞባይል ባንኪንግ አላቸው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደሴ ገንዘብ ለመላክ ቀድሞ የታመነ መንገደኛ ይፈለግ ነበር፤ ዛሬ ግን ላኪው ጣቱን ከስልኩ ላይ ሳያነሣ ገንዘቡ ይደርሳል። ይህ ለነጋዴውም፥ ለተማሪውም፥ ለታማሚውም ትልቅ ጥቅም መሆኑን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን ገንዘቡ በፈጠነ መጠን ሌባውም ፈጥኗል። የቀድሞው ሌባ የሰውን ቤት ለመዝረፍ ግድግዳ መቈፈር፥ ውሻ ማባበልና ሌሊትን መጠበቅ ነበረበት። የዛሬው ሌባ ግን በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ተቀምጦ በጠራራ ፀሓይ በርህን ያንኳኳል፤ በሩንም የምትከፍትለት አንተው ራስህ ነህ።

ነገሩን በግልጥ ለመረዳት መሥሪያ ቤቶቻችንና አድባራቶቻችን አጥብቀው ከሚያውቁት ነገር ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የመሥሪያ ቤት ሹም ወይም አንድ የደብር አለቃ ማኅተም በእጁ አለ። ማኅተሙም በመሳቢያ ተቈልፎ ይቀመጣል፤ ያለ ማኅተም የመጣ ደብዳቤ አይፈጸምም፤ ማኅተሙ ያረፈበት ደብዳቤ ግን የባለ ማኅተሙ ቃል ሆኖ ይቈጠራል። እንግዲህ አንድ የማይታወቅ ሰው ለዚህ ሹም ደውሎ «ከበላይ መሥሪያ ቤት ነኝ፤ ማኅተምዎን ለማደስ ስለ ፈለግን አሁኑኑ በመንገደኛ እጅ ይላኩልኝ» ቢለው ይልክለታልን? አይልክለትም፤ ይልቁንም ደዋዩን ለማስያዝ ይነሣል። ያው ሹም ግን ከሰዓት በኋላ ሌላ የማይታወቅ ሰው ደውሎ «ከባንክ ነው፤ አሁን በስልክዎ የደረሰዎትን ስድስት አኃዝ ይንገሩኝ» ሲለው፥ መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ ያነብለታል። ማኅተሙ በዐይን ስለሚታይና በእጅ ስለሚዳሰስ ክብሩ ይታወቃል፤ የምስጢር ቍጥር ግን ስለማይዳሰስ ተራ ነገር መስሎ ይታያል። በውነቱ ሁለቱ አንድ ናቸው። የምስጢር ቍጥር የባለ ሒሳቡ ማኅተም ነው፤ በአጭር መልእክት የሚላከውም ቍጥር አንድ ጊዜ ብቻ ታትሞበት የሚጣል ማኅተም ነው።

የዚህም ቍጥር አሠራር እንዲህ ነው። ሌባው አስቀድሞ የአንተን የስልክ ቍጥር በራሱ ስልክ ላይ በባንኩ መተግበሪያ ውስጥ ይጽፋል። ባንኩም ጠያቂው በውነት አንተ መሆንህን ለማወቅ ቍጥሩን ወደ አንተ ስልክ ይልካል። ይህም ባንኩ «ይህን የጠየቅኸው አንተ ነህን?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ቍጥሩን ለሌባው ያነበብህለት እንደ ሆነ፥ «አዎን፥ እኔ ነኝ» የሚለውን መልስህን በሌባው አፍ አድርገህ ሰጠህ ማለት ነው። ስለዚህ ባንክም ሆነ ኢትዮ ቴሌኮም ይህን ቍጥር በቃል ንገሩን ብለው የሚጠይቁበት ምክንያት ከቶ የለም፤ ቍጥሩን የላኩት ራሳቸው ናቸውና።

ተንኰሉ በአዲስ ዕቃ ይሠራ እንጂ ተንኰልነቱ አዲስ አይደለም። አስቀድሞ ወንጀለኛ የነበረው፥ በኋላም በፓሪስ የወንጀል መርማሪዎች አለቃ የሆነው ፈረንሳዊው ቪዶክ በ1828 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ፥ በቢሴትር እስር ቤት የነበሩ እስረኞች ለባለጠጎች ይጽፉት ስለ ነበረው ደብዳቤ ይተርካል። የደብዳቤው ጸሐፊ ከአብዮቱ የሸሸ የአንድ መኰንን አሽከር ነኝ ይላል፤ ወርቅና ዕንቍ የመላበት ሣጥን በሽሽት ጊዜ በውሃ ውስጥ እንደ ተጣለ፥ ሣጥኑንም ለማውጣት ጥቂት ገንዘብ ቢላክለት ከሀብቱ እንደሚያካፍል ይገልጣል። ቪዶክ እንደሚለው ከ100 ደብዳቤ 20ው ያህል መልስ ያገኝ ነበር። ያ ደብዳቤ ዛሬም አልሞተም፤ በኢሜይልና በቴሌግራም ይመጣል፤ አሽከሩ የሟች ጄኔራል ሚስት፥ ሣጥኑም የታገደ የባንክ ሒሳብ ሆኗል። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ የተተረተ ይመስላል።

የሚታለሉት ያልተማሩና ገራገር ሰዎች ብቻ ናቸው ማለትም ስሕተት ነው። በሥልጣኔና በትምህርት ገፋ ብላ በምትታየው በአሜሪካ፥ ኤፍ ቢ አይ የተባለው የምርመራ መሥሪያ ቤት በ2024 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በኢንተርኔት ወንጀል ጠፋ ተብሎ ያመለከቱለት ገንዘብ 16.6 ቢሊዮን ዶላር መሆኑን አስታውቋል። ከዚህም ውስጥ 4.9 ቢሊዮን የሚያህለው ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች የተወሰደ ነው። ስለዚህ አታላይ የሚያሸንፈው የሰውን ዕውቀት ሳይሆን የሰውን ልብ መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል።

የሰውንም ልብ የሚጐትትባቸው ገመዶች ሦስት ናቸው፤ እነዚህም ፍርሃት፥ ምኞትና ርኅራኄ ናቸው። ሦስቱንም ገመዶች የምትስብ አንዲት እጅ አለች፤ እርስዋም ችኰላ ናት።

የመጀመሪያው ገመድ ፍርሃት ነው። ደዋዩ ድምፁን አክብዶ «አባታችን፥ እንደምን አደሩ፤ ከባንክ ነው የምንደውልልዎ፤ ሒሳብዎ እስከ ስድስት ሰዓት ካልታደሰ ይዘጋል» ይላል። ወይም «ስልክዎ በወንጀል ስለ ተጠረጠረ ከፖሊስ ነው የምንደውለው» ይላል። ሰሚው ደንግጦ ነገሩን ከማሰላሰሉ በፊት ደዋዩ ጥያቄውን ያከታትላል፤ «ስልኩን አይዝጉ፤ ለማንም አይንገሩ» እያለም ያስጠነቅቃል። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቍርበት አንጥፉልኝ ይላል» እንደሚባለው፥ የማያውቁትን ሰው በሹመትና በማዕረግ ስም ማስፈራራት የዚህ ዓይነት ሌባ ዋና መሣሪያው ነው። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። ስልኩን ዘግቶ፥ ደዋዩ በሰጠው ቍጥር ሳይሆን አስቀድሞ በሚታወቀው ቍጥር መልሶ መደወል ነው። ይኸውም ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951፥ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፥ ለቴሌብርም 127 ነው። ሒሳቡ በውነት የሚዘጋ ቢሆን ኖሮ በዐሥር ደቂቃ መዘግየት የሚመጣ ጥፋት የለም፤ ነገሩ ሐሰት ከሆነ ግን ዐሥር ደቂቃ የዕድሜ ልክ ጥሪትን ታድናለች።

ሁለተኛው ገመድ ምኞት ነው። በዚህ ገመድ ስሙን ለዘለዓለም ያስጠራው በአሜሪካ የኖረው ኢጣልያዊ ቻርልስ ፖንዚ ነው። ይህ ሰው በ1920 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በቦስተን ከተማ ገንዘቡን ለሰጠው ሰው ሁሉ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እከፍላለሁ አለ። ትርፉ የሚገኘው የዓለም አቀፍ ፖስታ የመልስ ኩፖኖችን ከርካሽ አገር ገዝቶ በውድ አገር በመመንዘር ነው ብሎ አስወራ። ሕዝቡም ተጋፍቶ ገንዘቡን ሰጠው፤ የፊተኞቹም ትርፋቸውን ሲቀበሉ የኋለኞቹ በብዛት መጡ። ነገር ግን ክላረንስ ባረን የተባለ የገንዘብ ነክ ጋዜጣ አዘጋጅ ሒሳቡን ቢያሰላው፥ ፖንዚ የተቀበለውን ገንዘብ ለመሸፈን 160 ሚሊዮን ኩፖን ሲያስፈልግ በዓለም ላይ ይዘዋወር የነበረው ግን 27,000 ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለፊተኛው ይከፈል የነበረው ትርፍ የኋለኛው ገንዘብ ነበር እንጂ ሌላ ንግድ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ሁሉም ነገር ፈረሰ። እንግዲህ የፖንዚን ተንኰል የገለጠው ታላቅ ጥበብ ሳይሆን እርሳስና ወረቀት ነው።

ዛሬም በቴሌግራምና በፌስቡክ ቪዲዮ በማየት ብቻ በየቀኑ ገንዘብ ይገኛል፥ በትንሽ መዋጮ ብዙ ይታፈሳል፥ ጓደኛ ላመጣ ሰው ተጨማሪ ይከፈላል እያሉ የሚጠሩ ሁሉ የፖንዚ ልጆች ናቸው። በመጀመሪያ ጥቂት መቶ ብር በውነት ይከፍላሉ፤ ይህም ወጥመድ ላይ እንደሚደረግ ጥሬ ነው። ከዚያ በኋላ ትልቁን ገንዘብ ያስገባሉ፤ ያስገባው ሰው ለማውጣት ሲጠይቅም «በመጀመሪያ ግብር ይክፈሉ» ይሉታል፤ ግብሩን ሲከፍል ሌላ መዋጮ ይወልዱበታል። ማናቸውም ሰው ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት «ትርፉ ከምን ንግድ፥ ከማንስ ኪስ ይመጣል?» ብሎ ይጠይቅ። በቂ መልስ ካላገኘ ትርፉ ከእርሱ ከራሱ ኪስ የሚመጣ መሆኑን ይወቅ። በተለይም ገንዘቡ የዕቁብ፥ የዕድር ወይም የሰበካ ጉባኤ ከሆነ፥ ጥያቄው በጽሑፍ ተጠይቆ መልሱም በጽሑፍ መገኘት ይገባዋል።

የምኞት ገመድ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ሰውን ራሱን የሚወስድበት ጊዜ አለ፤ ይህም ከሁሉ የሚያሳዝነው ነው። በኢንተርኔት ላይ «በታይላንድ የኮምፒውተር ሥራ አለ፤ ደመወዙም ከፍ ያለ ነው» የሚል ማስታወቂያ አይተው የሄዱ ብዙ ወጣቶች፥ ወንዝ ተሻግረው ሚያንማር ውስጥ በሚያዋዲ አጠገብ በተከለሉ ሰፈሮች ተዘግቶባቸዋል። ፓስፖርታቸው ተነጥቆ፥ ሥራቸውም በስልክና በኮምፒውተር ሌላውን የዓለም ሕዝብ ማታለል ሆኗል፤ እምቢ ያለ ይደበደባል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በ2023 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው መግለጫ፥ በዚህ ዓይነት ግዞት የተያዙት በሚያንማር ቢያንስ 120,000፥ በካምቦዲያም 100,000 ያህል ሊሆኑ እንደሚችሉ ገልጧል። በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. ከነዚህ ሰፈሮች ወጥተው በአንድ ቀን ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ሰዎች መካከል 138ቱ የኢትዮጵያ ልጆች ነበሩ። እንግዲህ በስልክ የሚያታልለን ሰው ራሱ የተታለለ የጎረቤታችን ልጅ ሊሆን ይችላል። ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው በሕግ መሠረት ፈቃድ ባለው ኤጀንሲና በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል መሄድ እንዳለበት፥ በየቀበሌውና በየአጥቢያው ደጋግሞ መንገር የሹማምንትና የካህናት ፈንታ ነው። ወጣቱ ከመሄዱ በፊት ምክር የሚጠይቀው ወይም ጸልዩልኝ የሚለው እነርሱን ነውና።

ሦስተኛው ገመድ ርኅራኄ ነው። ይህም ከሁሉ የሚከፋው የሰውን በጎነት መሣሪያ ስለሚያደርግ ነው። ሌባው የአንዱን ሰው የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ሒሳብ ከነጠቀ በኋላ፥ በዚያው ሰው ስምና ፎቶግራፍ ለወዳጆቹ ሁሉ «እኅቴ በድንገት ታማ ሆስፒታል ገብታለች፤ ነገ የምመልሰው ጥቂት ብር ቶሎ ላክልኝ» ብሎ ይጽፋል። ወይም አንድ ሰው ደውሎ «በስሕተት ወደ እርስዎ 5,000 ብር ልኬ ነበር፤ የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ነውና ስለ እግዚአብሔር ይመልሱልኝ» ይላል። የባንክ መልእክት የሚመስል ጽሑፍም ቀድሞ ደርሷል። ቅን ሰው የሰውን ገንዘብ ላለመብላት ሲል ያልተላከለትን ገንዘብ ከራሱ ሒሳብ ይመልሳል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው መልእክቱን ማመን ሳይሆን የሒሳብን ቀሪ ገንዘብ ራስ መመልከት ነው። ገንዘቡ በውነት ገብቶ ቢገኝ እንኳ መላሹ ባንኩ ይሁን፤ «ወደ ባንክዎ ያመልክቱ፤ እኔም ለባንኬ አስታውቃለሁ» ማለት ቅንነትንም ገንዘብንም ያድናል። ባለ ሱቅም እንደዚሁ ገዢው በስልኩ የሚያሳየውን ደረሰኝ አይቶ ዕቃ አያስረክብ፤ የደረሰኝ ሥዕል በቀላሉ ይሠራልና ገንዘቡ በራሱ ሒሳብ መግባቱን ይመልከት።

በርኅራኄ ገመድ በብዛት የሚነገድበት ሌላው ነገር ምጽዋት ነው። የአንድ ገዳም ሕንፃ መፍረስ ወይም የአንድ ሕፃን ሕመም በእውነት ይነገራል፤ ሌባው ያንኑ ማስታወቂያና ያንኑ ሥዕል ወስዶ የሒሳብ ቍጥሩን ብቻ ለውጦ ይበትነዋል። ሰጪው ጽድቅ የሠራ ይመስለዋል፤ ገዳሙም ገንዘቡን አያይም። ስለዚህ ርዳታ የሚጠይቁ አድባራትና ማኅበራት ሒሳቡ በግለ ሰብ ስም ሳይሆን በተቋሙ ስም እንዲከፈት፥ ቍጥሩም በማኅተም ተረጋግጦ በደጃቸው እንዲለጠፍና በዐውደ ምሕረት እንዲነገር ቢያደርጉ፥ ሰጪውም ከመላኩ በፊት በስልኩ ላይ የሚወጣውን የተቀባይ ስም ቢያነብ፥ ብዙው ተንኰል ከሥሩ ይደርቃል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ እያንዳንዱ ሰው ገንዘብ ነው። የመንግሥትና የሕዝብ ገንዘብ በእጃቸው ያለ ሹማምንት ግን በአራተኛ ገመድ ይጐተታሉ፤ እርሱም የበላይን ትእዛዝ የመፈጸም ልማድ ነው። በ2024 መጀመሪያ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በሆንግ ኮንግ የአንድ ታላቅ የምሕንድስና ኩባንያ ገንዘብ ከፋይ፥ ከገንዘብ ክፍሉ የበላይ አለቃ የመጣ የሚመስል ስለ ምስጢራዊ ክፍያ የሚናገር ደብዳቤ በኢሜይል ደረሰው። ሠራተኛው በመጀመሪያ ተጠራጠረ። ከዚያ በኋላ ግን በቪዲዮ ስብሰባ ተጠርቶ አለቃውንና የሥራ ጓደኞቹን በመልካቸውና በድምፃቸው ባየ ጊዜ ጥርጣሬውን ተወ፤ በ15 ጊዜ ክፍያም ወደ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ላከ። በስብሰባው ላይ ያያቸው ሁሉ በኮምፒውተር የተሠሩ ምስሎች ነበሩ። ይስሐቅ ዐይኑ በፈዘዘ ጊዜ ድምፁን ተጠራጥሮ ሳለ፥ የቀረበለትን እጅ ዳስሶ እንዳመነ ሊቃውንት አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። የሁለቱም ታሪክ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፤ የተጠረጠረው ሰው ራሱ ባቀረበው ማስረጃ ጥርጣሬን መተው አይገባም። ማስረጃ ከሌላ በር መምጣት አለበት።

በጥንቃቄ ማንበብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ደግሞ የባንግላዴሽ ብሔራዊ ባንክ ታሪክ ያሳያል። በ2016 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በየካቲት ወር ሌቦች በባንኩ ኮምፒውተር ገብተው፥ በኒው ዮርክ ከተቀመጠው ሒሳቡ 951 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፈል በባንኩ ስም 35 ትእዛዞችን ላኩ። ቀኑንም የመረጡት በባንግላዴሽ የዕረፍት ቀን ሊገባ ሲል ነበር። 81 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊሊፒንስ ወጥቶ አብዛኛው ጠፋ። ወደ ስሪላንካ የሄደው 20 ሚሊዮን ግን ተመለሰ፤ ይህም የሆነው ሌቦቹ ፋውንዴሽን የሚለውን ቃል ፊደል ስተው ፋንዴሽን ብለው ስለ ጻፉት፥ ገንዘቡ የሚያልፍበት ባንክ ሠራተኞች ስሕተቱን አይተው ላኪውን ስለ ጠየቁ ነው። የቀሩትም ትእዛዞች አጠራጣሪ ሆነው ታገዱ። አንድ ፊደል ተመልክቶ ቆም ያለ ሰው 20 ሚሊዮን ዶላር አዳነ። ቅዳሴና ድጓ በፊደል ነጥብ እየታረመ ለተማረባት አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። በስልክ የሚመጣውን የሊንክ ስም በዚያው ዐይን ማንበብ ነው፤ የባንኩ ስም አንድ ፊደል ጐድሎበት ወይም ተጨምሮበት ከተገኘ እርሱ ሐሰተኛ ማኅተም ነው።

እንግዲህ ከተነገረው ሁሉ ሦስት ልማዶችን ብንይዝ ይበቃናል። አንደኛ፥ መቆም ነው። አሁኑኑ ካላደረግህ የሚል ቃል በመጣ ቍጥር በዚያው መጠን መዘግየት ይገባል፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ተብሏልና። ሁለተኛ፥ በሌላ በር መጠየቅ ነው። በጽሑፍ የጠየቀንን ወዳጅ በድምፅ ደውለን እንጠይቀው፤ በድምፅ የጠየቀንን አለቃ በጽሕፈት ቤቱ እንጠይቀው፤ በቤተ ሰብም መካከል ሌላ ሰው የማያውቃት አንዲት የመታወቂያ ቃል ብትኖር መልካም ነው። በመሥሪያ ቤትም ለከፍ ያለ ክፍያ የሁለት ሰዎች ፊርማ የሚጠየቀው አንዱን ሰው ስለ መጠርጠር ሳይሆን አንዱ በተታለለ ጊዜ ሁለተኛው እንዲያድነው ነው። ሦስተኛ፥ ማኅተምን አለመስጠት ነው። የምስጢር ቍጥር ለባንክ ሠራተኛ፥ ለወዳጅ፥ ስልክ ለሚያስተካክል ልጅም አይሰጥም። ስልክ መጠቀም የማያውቁ አረጋውያን ቍጥራቸውን ለመንገደኛ ከሚያስጽፉ ይልቅ አንድ የታመነ ልጅ ወይም ዘመድ ቢያስተምራቸው ይሻላል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ሰው ይታለላል። በዚያን ጊዜ ደቂቃ ዋጋ አላት። የተታለለው ሰው ወዲያውኑ ወደ ባንኩ ደውሎ ሒሳቡን ያሳግድ፤ ገንዘቡ ከሌባው ሒሳብ ካልወጣ ሊያዝ ይችላልና። የምስጢር ቍጥሩን ይለውጥ፤ መልእክቶቹን ሳያጠፋ ይጠብቅ፤ ለፖሊስም ያመልክት። በአዋጅ ቍጥር 958/2008 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል ሕግም፥ በ1996 ዓ.ም. የወጣውም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን ያስቀጣሉ። «የጠፋ ገንዘብዎን በጥቂት ክፍያ እናስመልሳለን» እያለ የሚመጣውን ደግሞ ከፊተኛው ይልቅ ይፍራው፤ ብዙ ጊዜ ያው ሌባ ልብሱን ለውጦ የተመለሰ ነውና።

ዳሩ ግን ከሌባው በላይ ለሌባው የሚያገለግለው ሐፍረት ነው። የጡረታ ገንዘቡን ያጣ ሽማግሌ ልጆቹ እንዳይስቁበት ይደብቃል፤ ከዐረብ አገር ስድስት ዓመት ደክማ ያመጣችውን ያጣች ሴት ለባልዋ ለመንገር ትፈራለች፤ የማኅበሩን ገንዘብ ያጠፋ ጸሐፊ ደግሞ ጕድለቱን ለመሸፈን ሌላ ብድር ይገባል። ሁሉም ዝም ሲሉ ሌባው በዚያው ቃል፥ በዚያው ቍጥር ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ይህ በሽታ ግን ደባቂውን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱንም ይገድላል።

ስለዚህ የነገሩ ዋና ሸክም በሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ ያርፋል። አንደኛው አቤቱታ የሚቀበለው ሹም ነው። የተበደለው ሰው ፊቱ ቆሞ ሲያመለክት «እንዴት እንዲህ ትታለላለህ?» ብሎ የሚዘልፍ የፖሊስ ወይም የባንክ ሠራተኛ፥ ያን ሰው ብቻ ሳይሆን ከኋላው ሊመጡ የነበሩትን ዐሥር ሰዎች ያባርራል። ይልቁንስ የመጣውን ወዲያው ተቀብሎ ሰዓቱን፥ የደወለበትን ቍጥርና ገንዘቡ የገባበትን ሒሳብ ቢመዘግብ፥ የአንዱ ሰው ጕዳት ለብዙዎች ጋሻ ይሆናል። ሁለተኛው የነፍስ አባት ነው። ሰው ለፖሊስ የማይነግረውን ለነፍስ አባቱ ይነግራልና፥ ካህኑ የተታለለውን ሰው «ኀጢአትህ አይደለም፤ በደል የተፈጸመብህ አንተ ነህ፤ ተነሥና ለባንክህ ንገር» ቢለው፥ ምናልባት በዚያች ሰዓት የአንድ ቤተ ሰብ ኑሮ፥ አልፎ አልፎም የአንድ ሰው ሕይወት ይድናል።

አገር የምትጠበቀው በድንበር ላይ በቆመ ወታደር ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ ማኅተሙን በሚጠብቅ ባለ ቤትም ትጠበቃለች። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ካህን፥ በሚቀጥለው ሰኞ በቢሮው ስብሰባ አንድ ሹም፥ «የምስጢር ቍጥራችሁን ለማንም አትንገሩ፤ የጠፋባችሁም ካለ ሳታፍሩ ንገሩን» የሚለውን ሁለት ቃል ብቻ ቢናገሩ፥ ጊዜ የሚወስድባቸው ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ የሚያድኑት ገንዘብና የሚያሳርፉት ልብ ግን ብዙ ነው።